ሦስተኛው ፎቅ

ነይ፣ ወደ ውስጥ ዝለቂ፤ ጫማሽን እዚህ ጥረጊ፣
ካርቶን አንጥፌያለሁ፣ ይቆሽሻል ብለሽ አትስጊ።
ይሄ ጥቁር ጭቃ የኮዬ ፈጬ ነው፤ አውቀዋለሁ፣
እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ሰው ይከተላል።

የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የአስራ ሁለተኛ ውጤት፣
መታወቂያ ፊትና ጀርባ፣ ጉርድ ፎቶ አራት።
ስጪኝ፤ አትሸፍኚው በእጅሽ ያንን ቁጥር፣
ስንቱን አይቻለሁ እዚህ ኮፒ ሳደርግ ስኖር።
ከሃምሳ በላይ ያመጣ
ይሄን ደረጃ አይወጣ፤
ቢወጣ እንኳ ተሳስቶ ነው፣ ፌርማታ አልፎት ሲመጣ።

ለሊሴ ነው ያልሽኝ ስምሽ?
ወረቀቱ ግን «ለሊስ» ይላል። ዛሬውኑ አስተካክይው፤
የጎደለ ፊደል የሚታወቀው ሲመረቁ ነው፣
ያኔ ደግሞ ሬጅስትራሩ ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ሰበታ ነው፣
ወይ ማህተሙ ተሰብሯል።

እንግዲህ ኮሌጅ ያሉሽ ይኸው ነው።
ምድር ቤት ሚስማርና ቆርቆሮ፣ ከጎኑ እኔ፤
አንደኛው «ይከራያል»፣ ሁለተኛው ጂም ቤት፣
ሦስተኛው እናንተ።
ስለ ልብ ምት ስትማሩ፣ ከስር ብረት ሲጣል፣
ወለሉም ልባችሁም እኩል ይደነግጣል።

ግቢ አለው ወይ አትበይኝ። ግቢው ያ መንገድ ነው፣
ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ቃል የተገባለት፤
ሲኖትራክ ሲያልፍ በነጭ ጋዋንሽ ላይ
ሌላ ጋዋን ያለብስሻል።

ላቦራቶሪ አለ። አንድ አልጋ፣ በላዩ አንድ አሻንጉሊት፣
ግራ እጁ የጠፋ፣ ሆዱ የሚከፈት።
አያ ሙሌ ይሉታል።
ቀኝ ክንዱ በመርፌ ብዛት ወንፊት ሆኗል፤
በመጀመሪያው ቀን «ይቅርታ» ትይዋለሽ፣
ይስቁብሻል፣ አትፈሪ፤
ይቅርታ ያላለውን ነው አስተማሪው
ልብ ብሎ የሚያየው።

ላይብረሪው ቁም ሳጥን ነው፣ ቁልፉ ዘበኛው ጋር።
ጋሽ ደቻሳ ሲያውስሽ ገጽ ይቆጥራል፣ ስትመልሺም ይቆጥራል፤
አንዴ አንድ ገጽ ተርፎት ቢያገኝ
ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም።

ጅማና ሐዋሳ የደረሳቸው ጓደኞችሽ
ፎቶ ይልኩልሻል፤ ዛፍ፣ ሐውልት፣ የካፌ ሰልፍ።
እዚያ ሰው ሺህ ነው፣ የቀረ አይታወቅም።
እዚህ ሃያ ሦስት ናችሁ፤
ብትቀሪ ወንበርሽ ይናገራል፣
ብትስዪ ሲስተር አመለወርቅ ትምህርቷን አቁማ
«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ትልሻለች፤
ላልቅስ ብትዪ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው፣
ሰው ያንኳኳል።

ኅዳር ላይ መብራት ይጠፋል። ጄኔሬተሩ የጂሙ ነው።
በስልክ መብራት ነው ኩላሊትን የተማርነው —

የተማርነው አልኩ?
አዎ። እኔም።
የመጀመሪያው ዙር፣ በመስኮቱ በኩል፣ ሁለተኛ ረድፍ።
ክፍያው በወር፣ የአባቴ ሥራ በቀን፤
አልገጠሙም።
ማንም አላባረረኝም። ዲኑ ራሱ «ሲገኝ ትመለሻለሽ» ብሎ
እስከ ደረጃው ሸኘኝ፤ እኔም ወረድኩ፣
ግን ሩቅ አልሄድኩም፣ ይኸው፣
ሦስት ፎቅ ብቻ።

ይሄ ማሽን ወረቀት ይነክሳል። በነከሰ ቁጥር
የተጨማደደውን አውጥቼ፣ አቃንቼ አነበዋለሁ።
የመድኃኒት ትምህርት ምዕራፍ አራትን ሦስቴ ነክሶታል፤
ጠይቂኝ ካሻሽ፣ መጠኑን በሚሊግራም።

በይ፣ አስራ ስምንት ብር ነው፤
ለዛሬ አስራ አምስት ስጪኝ።
ስትወጪ ቀኙን ያዢ፣ ግራው መደገፊያ የለውም።
አስራ አራተኛው ደረጃ ከሌላው ትንሽ ከፍ ይላል፣
በመጀመሪያው ቀን እዚያ ጋ ያልተደናቀፈ የለም።
አትፈሪ፣ ቀጥዪ፤
ከላይ ያሉት ድምፁን ሲሰሙ
«አዲስ ሰው መጣ» ብለው
ወንበር ይስባሉ።